ጆሮ መፍቻ ዘፈን፦ የወጣትነታችን ሙዚቃ ለምን አይለቀንም?

መኪና ውስጥ ሦስት ሰዎች አሉ። አባት ይነዳል። የ15 ዓመት ልጁ ከጎኑ ተቀምጣለች። አያት ከኋላ ናቸው። ልጅቷ ስልኳን ከመኪናው ስፒከር ጋር አገናኘችና አንድ ዘፈን ከፈተች። ዘፈኑ ግማሽ እንኳ ሳይደርስ የአባትየው እጅ ድምፅ ለመቀነስ ተዘረጋ።

«ይሄ ደግሞ ምኑ ዘፈን ነው? ጩኸት ብቻ!»

ልጅቷ አልመለሰችም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አያትየው ግን ከኋላ ሆነው ሳቅ አሉ። «አንተስ በሷ ዕድሜ የምትከፍተውን ረሳኸው? ያኔ እኔም እንዲሁ ነበር የምልህ» አሉት።

ይህ ንግግር በየቤቱ አለ። «የኛ ጊዜ ዘፈን ነበር ዘፈን!» ይላል ትልቁ። «የናንተ ዘፈን ያስተኛል» ይላል ትንሹ። ሁለቱም ከልባቸው ነው። ስለ ዘፈኑ የሚያወሩ ይመስላቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን እያወሩ ያሉት ስለ ጆሯቸው፣ ስለ ዕድሜያቸውና ስለ ትዝታቸው ነው። በዘፈን የተነሳ ወላጅና ልጅ ጀርባ ሲሰጣጡ ማየት ያሳዝነኛል። ምክንያቱ ሲታወቅ ጠቡ ይለዝባል ብዬ ስለማምን ነው ይህን የምጽፈው። ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

በመጀመሪያ፣ ክርክሩ አዲስ አይደለም። የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን አዲስ ዓይነት ሙዚቃ ለአገር አደጋ ነው ብሎ ጽፏል። የሙዚቃ ስልት ሲናጋ ሕግም አብሮ ይናጋል ባይ ነበር። በ1816 የለንደኑ ዘ ታይምስ ጋዜጣ አንድን ጭፈራ ነውረኛ የባዕድ ዳንስ ነው ብሎ አወገዘ፤ ወላጆች ሴት ልጆቻቸውን እንዲጠብቁም አስጠነቀቀ። ያ ጭፈራ ዛሬ የጨዋ ዳንስ ተብሎ የሚቆጠረው ቫልስ ነው። በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ጃዝ ወጣቱን ያበላሻል ተባለ። በጥር 1957 ኤልቪስ ፕሪስሊ በቴሌቪዥን ሲዘፍን ካሜራው ከወገቡ በላይ ብቻ እንዲያሳየው ተደረገ፤ የዳሌው እንቅስቃሴ ለልጆች አይሆንም ተብሎ። በኤልቪስ ያበዱት ልጆች ዛሬ አያቶች ናቸው።

ጆሮ የሚፈታው መቼ ነው?

አማርኛ «አፍ መፍቻ ቋንቋ» የሚል ግሩም አባባል አለው። የሰው አፍ የተፈታበት፣ መጀመሪያ የተናገረበት ቋንቋ ማለት ነው። ለሙዚቃም «ጆሮ መፍቻ» ብንል ነገሩን በደንብ ይገልጸዋል። ጆሮ የሚፈታው ደግሞ ከምናስበው በጣም ቀድሞ ነው።

በ2013 የታተመ የፊንላንድ ጥናት አለ። እርጉዝ እናቶች በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት አንድ የልጆች ዜማ ደጋግመው እንዲያጫውቱ ተደረገ። ሕፃናቱ ከተወለዱ በኋላ፣ ከዚያም በአራት ወራቸው ዜማው ተሰማላቸውና የአንጎላቸው ምላሽ ተለካ፤ ጠንካራ ሆኖም ተገኘ። ዜማውን በማህፀን ሳሉ ያልሰሙት ሕፃናት እንዲህ ያለ ጠንካራ ምላሽ አላሳዩም። በማህፀን የሰማነው ዜማ አሻራ ይተዋል ማለት ነው።

ከዚህ የበለጠ ያስገረመኝ ግን በ2005 የታተመው የምት ጥናት ነው። በቀላሉ እንዲገባችሁ እጃችሁን እያጨበጨባችሁ እንዲህ ቁጠሩ፦ አንድ-ሁለት፣ አንድ-ሁለት፣ አንድ-ሁለት። ይሄ ቀላል ነው። አሁን ደግሞ እንዲህ ሞክሩት፦ አንድ-ሁለት፣ አንድ-ሁለት፣ አንድ-ሁለት-ሦስት። ደጋግሙት። ብዙ ሰው ሁለተኛው ላይ ይደናቀፋል፤ ምክንያቱም ምቱ እኩል አይደለም። በባልካን አገሮች ባህላዊ ሙዚቃ ግን እንዲህ ያለው ምት የተለመደ ነው፤ ሰው ሳይቆጥር ይጨፍርበታል።

ተመራማሪዎቹ ሁለቱንም ዓይነት ምት በሰሜን አሜሪካ ለሚያድጉ ሕፃናት አሰሙ። አልፎ አልፎ ደግሞ ምቱን ሆን ብለው አፋለሱት። የስድስት ወር ሕፃናት በሁለቱም ዓይነት ሙዚቃ ስህተቱን ለዩ። የ12 ወር ሕፃናት ግን የለዩት የቤታቸውን ዓይነት ምት ብቻ ነበር። በስድስት ወር ልዩነት አንዱ በር ገርበብ ብሏል። እዚህ ላይ ልብ የሚሞላ ነገር አለ። የ12 ወሮቹ የባልካኑን ሙዚቃ ቤታቸው ውስጥ ለአጭር ጊዜ እንዲሰሙት ሲደረግ ችሎታቸው ተመለሰ። ለአዋቂዎች ተመሳሳይ ዕድል ተሰጣቸው፤ እነሱ ግን እንደ ሕፃናቱ አልሆነላቸውም።

ስለዚህ አንድ ሙዚቃ «ግራ የተጋባ» ሆኖ ሲሰማን ግራ የተጋባው ሙዚቃው ላይሆን ይችላል። ያደግንበት ሙዚቃ ለጆሯችን ሰዋስው ሰጥቶታል። ከዚያ ሰዋስው ውጪ የሆነ ሁሉ መጀመሪያ ላይ ስህተት ይመስላል።

በአሥራዎቹ ዕድሜ ምን ይፈጠራል?

ጆሮ የሚፈታው በሕፃንነት ነው። ልብ የሚጣበቀው ግን በአሥራዎቹ ዕድሜ ነው። የዚህን ጽሑፍ ዋና ነገር ንገሪኝ ካላችሁኝ እዚህ ጋ ነው ያለው።

አንድ የምትወዱት ዘፈን አስቡ። በዘፈኑ ውስጥ የምትጠብቁት አንድ ቦታ አለ አይደል? አዝማቹ ሊገባ ሲል፣ ወይም ድምፃዊዋ ድንገት ድምጿን ከፍ ስታደርግ። ሰውነታችሁን ውርር የሚያደርግ ቦታ። በ2011 በካናዳ ሞንትሪያል ያሉ ተመራማሪዎች ይህን ስሜት አንጎል ውስጥ ተከታተሉት። ያቺ ቅጽበት ስትደርስ አንጎል ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ይረጫል። ምግብ ሲጥመን የሚሠራው የአንጎል ክፍል ነው እዚህም የሚሠራው። የሚገርመው ዶፓሚኑ ቀድሞም መምጣቱ ነው፤ ቦታው ሊደርስ ሲል፣ ገና ስንጠብቀው፣ በሌላ የአንጎል ክፍል ይለቀቃል። ሙዚቃ የመጠበቅና የመድረስ ደስታ ነው ማለት ነው። ለመጠበቅ ደግሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በአፍላ ዕድሜ ይህ የደስታ ሥርዓት በጣም ስል ነው። ስሜትን የሚገራውና የሚያመዛዝነው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ደግሞ ገና አልበሰለም፤ እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ድረስ እያደገ ይሄዳል። ሆርሞኑም አለ። ስለዚህ የ14 ዓመት ልጅ ዘፈን ሲሰማ ስሜቱ ሙሉ በሙሉ ይገባበታል። አዋቂ «ጥሩ ዘፈን ነው» የሚለውን እሱ «ይሄ ዘፈን እኔ ነኝ» ይለዋል። እውነቱን ነው። በዚያ ዕድሜ «ማነኝ?» የሚለው ጥያቄ ሌት ተቀን አብሮት ነው። ጓደኛ የሚመረጠው፣ ከወላጅ ጥላ የሚወጣው፣ አለባበስና አነጋገር የሚፈጠረው ያኔ ነው። ለዚህ ሁሉ ዘፈን መታወቂያ ወረቀት ይሆናል። አባትየው መኪና ውስጥ «ጩኸት» ሲል ልጅቷ ፊቷን ያዞረችው ለዚህ ነው። እሱ የነቀፈው ዘፈኑን ነው። እሷ የሰማችው ግን ራሷ ስትነቀፍ ነው።

የማስታወስ ነገርም ይጨመርበታል። ሰው በስተእርጅናው ስለ ሕይወቱ ሲጠየቅ ከየትኛው ዕድሜ ይበልጥ ያስታውሳል? ከ10 እስከ 30 ዓመት ገደማ ካለው። ትዝታ በዕድሜ ተራ ቢደረደር እዚያ ጋ እንደ ጉብታ ከፍ ይላል። የሥነ ልቦና ሰዎችም ይህንኑ የትዝታ ጉብታ ይሉታል። የመጀመሪያ ፍቅር፣ የመጀመሪያ መለያየት፣ ከቤት መውጣት፣ የመጀመሪያ ሥራ ሁሉም እዚያ ናቸው። ከኋላቸው ሁልጊዜ አንድ ዘፈን ይጫወታል። ዘፈኑ ሲመለስ ጊዜው አብሮ ይመለሳል።

በቁጥር የተደገፈ ነገር ለሚፈልግ ሁለት ጥናቶች አሉ። በ1989 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከ1932 እስከ 1986 የወጡ 28 ታዋቂ ዘፈኖችን በተለያየ ዕድሜ ላሉ ሰዎች አሰምተው ምን ያህል እንደሚወዷቸው ጠየቁ። ከፍተኛው ነጥብ የተሰጠው ሰዎቹ 24 ዓመት ገደማ ሳሉ ለወጡት ዘፈኖች ነበር። በ2018 ደግሞ ሴት ስቲፈንስ-ዳቪዶዊትዝ የተባለ ኢኮኖሚስት ዘፈን በኢንተርኔት የሚያሰማውን የስፖቲፋይን መረጃ መረመረ። አዋቂዎች ደጋግመው የሚሰሙት ዘፈን መቼ የወጣ ነው? ለሴቶች ዋናው ጊዜ ከ11 እስከ 14 ዓመታቸው፣ ለወንዶች ከ13 እስከ 16 ዓመታቸው ሆኖ ተገኘ። 14 እና 24 በጣም የተራራቁ ይመስላሉ። ነገር ግን አንዱ መውደድን ጠየቀ፤ ሌላው በተግባር የሚሰማውን ቆጠረ። ዘመኑም ሙዚቃው የሚገኝበት መንገድም ይለያያል። ሁለቱም ግን የሚያመለክቱት ያንኑ የሕይወት ክፍል ነው።

አሁን ወደ መኪናዋ ልመለስ። በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው 20 አካባቢ የሆነ ወጣቶችን ከ1955 እስከ 2009 የወጡ ታዋቂ ዘፈኖችን አሰማ። የራሳቸውን ዘመን ዘፈን እንደሚወዱ ግልጽ ነው። ነገር ግን ሌላ ጉብታ ታየ። ወላጆቻቸው ወጣት ሳሉ የወጡትን፣ የ1980ዎቹን መጀመሪያ ዘፈኖች በደንብ ያውቋቸዋል፤ ይወዷቸዋልም። የ1960ዎቹም ላይ ሌላ ጉብታ ነበር፤ ይህኛው ወደ አያቶቹ ዘመን የሚጠጋ ነው። ተመራማሪዎቹ ይህ ከቤት የመጣ ሳይሆን አይቀርም አሉ። ልጅ ወለል ላይ ሲጫወት፣ መኪና ኋላ ተኝቶ ሲሄድ፣ የወላጆቹን ዘፈን እየሰማ ነው። ያች የ15 ዓመት ልጅ ዛሬ የአባቷን ዘፈን «ያስተኛል» ትላለች። 25 ስትሆን ግን ድንገት አንድ ቦታ ትሰማውና ግጥሙን ከላይ እስከ ታች ታውቀዋለች። ማን እንዳስተማራት አታውቅም።

ዘመን ወይስ ዕድሜ?

ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያደበላልቁት ነገር እዚህ ላይ አለ። የ70 ዓመት ሰውና የ20 ዓመት ሰው የሚሰሙት ሙዚቃ ቢለያይ ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንዱ ዘመን ነው፦ የተወለዱበት ጊዜ ይለያያል። ሌላው ዕድሜ ነው፦ ማንም ሰው 70 ሲሞላው የሚያመጣው ለውጥ ነው። ዛሬ 70 ዓመት የሆናቸው ብዙ ሰዎች ሮክ ይሰማሉ። ሮክ የሽማግሌ ሙዚቃ ስለሆነ አይደለም፤ ጆሯቸው የተፈታው በሮክ ስለሆነ ነው። ይህ የዘመን ሥራ ነው። ያንኑ ሮክ እንደ ድሮው አስጩኸው ባለመክፈታቸው ግን የዕድሜ እጅ አለበት።

ዘመን የሚሠራው በዘፋኞቹ ብቻ አይደለም። ዘፈኑ የሚመጣበት ዕቃም ጆሮን ይቀርጻል። በድሮው በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞር ሸክላ አንድ ገጽ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ አካባቢ ነበር፤ ስለዚህ ዘፈን ሦስት ደቂቃ ሆነ። በ1948 ረጅም ሰዓት የሚይዘው ሸክላ መጣና አልበም የሚባለው ነገር ተመቻቸ። በ1963 ካሴት ወጣ። ካሴት ላይ መዝለል አድካሚ ነው፤ ሰው የማይወደውንም ዘፈን እየሰማ በመጨረሻ ለመደው። በ1979 ዎክማን የተባለው በኪስ የሚያዝ የካሴት ማጫወቻ ሲመጣ ሙዚቃ ከሳሎን ወጥቶ ጆሮ ውስጥ ገባ። ከዚያ በ1982 ሲዲ፣ በ1999 ሰዎች ዘፈን በኢንተርኔት የሚለዋወጡበት ናፕስተር፣ በ2001 የኪስ ዲጂታል ማጫወቻው አይፖድ፣ በ2008 ስፖቲፋይ እያለ ቀጠለ።

የዘፈን መግቢያን ብቻ እንመልከት። ድምፃዊው ከመጀመሩ በፊት ያለውን የመሣሪያ ክፍል ማለቴ ነው። አንድ ተመራማሪ ከ1986 እስከ 2015 በአሜሪካ ከፍተኛ ተደማጭነት ያገኙ ዘፈኖችን ለካ። በ1980ዎቹ አጋማሽ መግቢያው በአማካይ ከ20 ሰከንድ በላይ ነበር። በ2015 ወደ 5 ሰከንድ ወርዷል። ዛሬ አድማጩ አውራ ጣቱ ስልኩ ላይ ናት፤ ካልጣመው ያልፈዋል። ስፖቲፋይም ዘፈኑ ተሰማ ብሎ የሚቆጥረው 30 ሰከንድ ሲያልፍ ነው። ስለዚህ አቀናባሪው ምርጡን ነገር ወደፊት ያመጣዋል። በዚህ ያደገች ልጅ የአባቷ ዘፈን መግቢያ የማያልቅ ጥበቃ ይሆንባታል። አባትየው ደግሞ የሷን ዘፈን ሲሰማ ሳያንኳኳ ዘው ብሎ የገባ እንግዳ ይመስለዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ጆሯቸው የለመደው የጊዜ አቆጣጠር የተለያየ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ለውጥ ግን ሌላ ነው። ቤት ውስጥ አንድ ሬዲዮ በነበረበት ጊዜ ሁሉም ያንኑ ይሰማ ነበር። አያት የልጅ ልጃቸውን ዘፈን ባይወዱትም ያውቁታል። ዛሬ አራት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አራት የተለያየ ነገር በኤርፎን ይሰማል። አልጎሪዝሙም (ዘፈን የሚመርጠው የኮምፒውተር ስሌት) ለእያንዳንዱ ትናንት የወደደውን የሚመስል ያቀርብለታል። ያ ቅድም ያየነው ከወላጅ ወደ ልጅ የሚሻገር ጉብታ የሚፈጠረው አብሮ በመስማት ነው። ኤርፎን ጥሩ ዕቃ ነው፤ ግን ይህን መንገድ ያጠባል ብዬ እሰጋለሁ።

«ሙዚቃ ራሱ ተበላሽቷል» የሚለውስ?

ይህን የሚል ሰው ሁሉ ትዝታ አታልሎት ነው ብሎ ማለፍ ፍትሐዊ አይደለም። በ2012 የታተመ ጥናት ከ1955 እስከ 2010 የተቀረጹ 464 ሺህ ገደማ ዘፈኖችን በኮምፒውተር መርምሯል። ያገኘው ነገር ሦስት ነው፦ የኖታዎች አካሄድ ልዩነት እየቀነሰ መጥቷል፤ የድምፅ ቀለም ይበልጥ ተመሳስሏል፤ ቅጂዎቹም ይበልጥ ጮክ ብለዋል። «ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ ጩኸት ነው» ያለ ሰው ከአየር ላይ አልፈጠረውም።

በ2015 ግን ሌሎች ተመራማሪዎች ከ1960 እስከ 2010 በአሜሪካ የምርጥ 100 ሰንጠረዥ ውስጥ የገቡ 17 ሺህ ገደማ ዘፈኖችን ፈትሸው የተለየ ነገር አዩ። ሙዚቃ ያለማቋረጥ ወደ አንድ ዓይነትነት እየሄደ ነው የሚል ማስረጃ አላገኙም። ልዩነት ይወርዳል፤ ተመልሶ ይወጣል። በ1980ዎቹ አጋማሽ ወርዶ ነበር። ትልልቅ ለውጦች የታዩት በ1964፣ በ1983 እና በ1991 ነው። የመጨረሻው ራፕና ሂፕሆፕ ገበታውን የያዙበት ነው፤ እነሱ ደግሞ ሙዚቃን ይበልጥ ለያይተውታል። የለካችሁት ነገር ሲለያይ መልሱም ይለያያል።

የኔ ሚዛን የሚያደላው ወደ ወንፊቱ ነው። ዘመን ወንፊት ነው። ያ የአሜሪካ ሰንጠረዥ ከነሐሴ 1958 ጀምሮ በየሳምንቱ 100 ዘፈን ሲዘረዝር ኖሯል። አብዛኛውን ዛሬ ማንም አያስታውሰውም። የቀሩት ምርጦቹ ናቸው። እኛ ታዲያ ያለፈውን ዘመን ምርጥ ከዘንድሮው ገለባና ፍሬ ጋር እናወዳድራለን። ይህ ውድድር አይደለም። የዘንድሮው ገና አልተነፋም።

ከ30 በኋላ

በ2015 አንድ ተንታኝ የአሜሪካ የስፖቲፋይ አድማጮችን መረጃ ተመልክቶ በአሥራዎቹ ያሉ ልጆች የሚሰሙት ከሞላ ጎደል በወቅቱ ተወዳጅ የሆነውን መሆኑን አየ። በ20ዎቹ ይህ ያለማቋረጥ ይቀንሳል። በአማካይ 33 ዓመት አካባቢ ላይ ሰው አዲሱን ተወዳጅ ሙዚቃ መከታተል ያቆማል። ልጅ የወለዱ ሰዎች ደግሞ ቀደም ብለው ይርቃሉ።

ይህ ለምን ይሆናል? መጀመሪያ ጊዜ የለም። ሥራ አለ፣ ልጅ አለ፣ ሐሳብ አለ። የ16 ዓመት ልጅ አንድን ዘፈን በሳምንት 40 ጊዜ ሊሰማው ይችላል። የ36 ዓመት ሰው አንድ ጊዜ፣ ያውም በጆሮው ጥግ። ከዚያ ደግሞ «ማነኝ?» የሚለው ጥያቄ በመጠኑ ተመልሷል። መታወቂያ ወረቀቱ ወጥቷል፤ በየወሩ አይታደስም።

ግን ጣዕም ይሞታል ማለት አይደለም። ይቀየራል። በ2013 ከሩብ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ታትሟል። በአሥራዎቹ ዕድሜ ኃይለኛው ሙዚቃ ይገናል፤ ፓንክና ሜታል ዓይነቱ። በወጣትነት የጊዜው ሙዚቃና ለስለስ ያለው ይመጣል፤ ፖፕ፣ ራፕ፣ አር ኤንድ ቢ። በጎልማሳነት ደግሞ ሁለት ነገሮች ከፍ ይላሉ፦ እንደ ጃዝና ክላሲካል ያለው ረቀቅ ያለው ሙዚቃ፣ እንዲሁም እንደ ካንትሪ፣ ፎክና ብሉዝ ያለው ቀጥተኛና ልብ የሚነካው። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ትርጉም ያሳምነኛል። በአፍላ ዕድሜ ሙዚቃ ራስን ለማወጅ ነው። ቀጥሎ ከሰው ጋር ለመሆን፣ ለፍቅርና ለጭፈራ። ከዚያ ብቻን ተቀምጦ ለማሰብ። ፍላጎቱ ሲቀየር ዘፈኑም ይቀየራል።

ጆሮ ራሱም ያረጃል፤ ይህ የማይነገርለት ጉዳይ ነው። የልጅ ጆሮ እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ድረስ ያለ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ፀጉር መሰል ጥቃቅን ሴሎች ግን በዕድሜና በጩኸት ይጎዳሉ፤ ከጠፉ አይተኩም። መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው። እንደ ስ፣ ሽ፣ ፍ ያሉ የቃል ድምፆች የሚለዩት እዚያ አካባቢ ነው። ከባድ ምት ከታች እየመታ ከላይ ፈጣን ግጥም ሲፈስ ልጁ ሁሉንም ቃል ይሰማል። አያቱ የሚሰሙት ምቱንና የአናባቢዎቹን ጉርምርምታ ብቻ ሊሆን ይችላል። «ምን እንደሚል እንኳ አይሰማም» ሲሉ ግትርነት አይደለም። በእውነትም አይሰማቸውም።

ያዙልኝ ያልኩት ነጥብ

የሙዚቃ ደስታ መጠበቅና መድረስ ነው ብዬ ነበር። አዲስ ስልት ስንሰማ ምን እንደምንጠብቅ አናውቅም። ስለዚህ ምንም አይደርስም። የማታውቁት ቋንቋ ሲወራ አስቡ። የት ጋ ቃል እንደሚያልቅ እንኳ አይለይም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስላል። አዲስ ሙዚቃም «ሁሉም አንድ ነው» የሚያሰኘው እንዲሁ ነው።

ሮበርት ዛዮንክ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1968 ባሳተመው ሥራ ሰዎች ትርጉማቸውን የማያውቋቸውን ቃላትና የባዕድ ፊደላት ደጋግመው ሲያዩ እየወደዷቸው እንደሚሄዱ አሳየ። መደጋገሙ ብቻውን ይበቃል። ዳንኤል በርላይን የተባለው ደግሞ ገደብ እንዳለው አስተማረ፦ በጣም ቀላል ነገር ይሰለቻል፣ በጣም ውስብስብ ነገር ያባርራል፣ የሚጥመው መሐሉ ላይ ያለው ነው። ስንደጋግመው ውስብስቡ ወደ መሐል ይመጣል። ብዙ ከደጋገምነው ደግሞ ቀላል ይሆንና ይሰለቸናል።

እኔ ራሴ ይህን ሞክሬዋለሁ። የእህቴ ልጅ የምትወደው አንድ ዘፈን ነበር። መጀመሪያ ስሰማው ራሴን አመመኝ። ሁለተኛው ላይም እንደዚያው። «እስኪ ንገሪኝ፣ የትኛው ቦታ ነው ደስ የሚልሽ?» አልኳት። ዓይኗ በራ። ማንም እንዲህ ጠይቋት አያውቅም መሰለኝ። «አክስቴ፣ ግጥሙን ተይው። ታች ያለውን ቤዝ ብቻ ስሚ። እዚህ ጋ ዝም ይልና... ቆይ... አሁን!» አለች። በ«አሁን» ላይ ቤዙ ተመለሰ። ደረቴ ላይ ተሰማኝ። አራተኛው ላይ ያችን ዝምታ ራሴ እጠብቃት ጀመር። ዘፈኑ ዛሬ ስልኬ ላይ አለ። የወጣትነቴን ዘፈኖች አልተካቸውም፤ ሊተካቸውም አይችልም። ግን ከሷ ጋር የምንጠብቃት አንዲት ቦታ አለችን።

ሁሉም ሰው በዚህ መንገድ አይሄድም። ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከመቶ ሦስት እስከ አምስት የሚሆኑ ሰዎች ጤነኞች ሆነው ሳለ ከሙዚቃ ምንም ደስታ አያገኙም። በ60 ዓመታቸው በየሳምንቱ አዲስ ዘፈን የሚያድኑም አሉ። የተናገርኩት ስለ ብዙኃኑ ነው።

ለአረጋውያን

ይህ ሁሉ እውቀት በተግባር የሚጠቅምበት አንድ ቦታ አለ። የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሰዎች የልጃቸው ስም ጠፍቷቸው የወጣትነት ዘፈናቸውን ከነግጥሙ ሊዘፍኑ ይችላሉ። በ2015 የታተመ የአንጎል ጥናት አንድ ምክንያት ጠቁሟል፦ ለረጅም ጊዜ የምናውቀውን ሙዚቃ የሚይዘው የአንጎል ክፍል አልዛይመር ዘግይቶ ከሚጎዳቸው ውስጥ ነው።

ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ስሌቱ ቀላል ነው። የተወለዱበት ዓመት ላይ 12 ደምሩ፤ መነሻው እሱ ነው። እንደገና በዚያው የትውልድ ዓመት ላይ 25 ደምሩ፤ መድረሻው እሱ ነው። በ1945 የተወለዱ ከሆነ ከ1957 እስከ 1970 የወጡ ዘፈኖችን ፈልጉ። ያኔ የሰሙትን፣ በቋንቋቸው የተዘፈነውን። እህት ወንድም ወይም የድሮ ጓደኛ ካለ ጠይቁ፤ የትኛውን ይወዱ እንደነበር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ክፍሉን ጸጥ አድርጉት፤ ቴሌቪዥኑን አጥፉ። ቤዙን ቀንሳችሁ የድምፃዊውን ድምፅ ጎላ አድርጉት። አንድ ዘፈን ብቻ ክፈቱና ፊታቸውን ሳይሆን መጀመሪያ ጣታቸውንና እግራቸውን እዩ፤ ምቱ ቀድሞ የሚታየው እዚያ ነው። ከንፈራቸው ከተንቀሳቀሰ አብራችሁ ዘምሩ። አንዳንዱ ዘፈን ግን የሄደ ሰው ይዞ ይመጣል። እንባ ካያችሁ ቶሎ አታጥፉት። ትንሽ ቀነስ አድርጉትና እጃቸውን ያዙ፤ መስማት ይፈልጉ እንደሆነ ከእጃቸው ታውቁታላችሁ።